የሲቲ ዞን ባቡር ጣቢያዎች ፈርሰው ከማለቃቸው በፊት ይመዝገቡ

ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
ለኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኮርፖሬሽን
ለሶማሌ ክልል ባህልና ቱሪዝም ቢሮ

ጉዳዩ፦ ከሽንሌ እስከ ደወሌ ያሉት የቀድሞው ምድር ባቡር ጣቢያዎች በቅርስነት እንዲመዘገቡና ጥበቃ እንዲደረግላቸው ስለመጠየቅ



ጥያቄዬ አንድ ነው። ከድሬዳዋ ተነስቶ በሽንሌ፣ በሀረዋ፣ በአዲጋላና በአይሻ በኩል እስከ ደወሌ በሚዘልቀው አሮጌ ሐዲድ ላይ የቀሩት የጣቢያ ቤቶች፣ የውኃ ማጠራቀሚያዎች፣ ድልድዮችና ሰነዶች ፈርሰውና ተበትነው ከማለቃቸው በፊት ይቆጠሩ፣ ይመዝገቡ፣ ጠባቂም ይኑራቸው። ጥያቄው አጭር ነው፤ ምክንያቱ ግን ሰፋ ስለሚል ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

የምድር ባቡር ታሪክ ሲነሳ ሁልጊዜ የሚጠሩት ሁለት ከተሞች ናቸው። አንዱ አዲስ አበባ ነው፤ ኅዳር 24 ቀን 1922 ዓ.ም. የተመረቀው የለገሃር ሕንፃ ዛሬም ቆሟል፣ በዙሪያው ትልቅ የከተማ ግንባታ ሲታቀድም ሕንፃው እንደሚጠበቅ ተነግሮለታል። ሌላው ድሬዳዋ ነው፤ ከተማው ራሱ የባቡር ልጅ ስለሆነ ጣቢያውንና የጥገና ጋራዡን የማያውቅ ጎብኚ የለም። ከድሬዳዋ እስከ ድንበሩ ባለው መስመር ላይ ግን ባቡሩን ውኃ ያጠጡት፣ ያሳለፉትና የጠበቁት ትንንሽ የበረሃ ጣቢያዎች አሉ። ሐዲዱ መጀመሪያ የኢትዮጵያን መሬት የረገጠው በእነሱ በኩል ነው። ስለ እነሱ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም።

የነገሩን መነሻ ላስታውስ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ ለስዊሱ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱ ሦስት ክፍል ነበረው፤ ከጅቡቲ ሐረር፣ ከሐረር እንጦጦ፣ ከእንጦጦም በከፋ አድርጎ እስከ ነጭ ዓባይ። ከኢልግ ጋር ፈረንሳዊው ሌዎን ሼፍኖ ነበረበት። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወደብ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ዛሬ ድሬዳዋ ወደምንለው ቦታ ደረሰ። ሐረር ተራራ ላይ ስለሆነች ሐዲዱን ወደዚያ ማውጣት አልተቻለም፤ በግርጌው አዲስ ከተማ ተቆረቆረና ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ ሐረር አሉት።

ከዚያ በኋላ ያለው ክርክር በመጻሕፍት በሰፊው ተጽፏልና አልደግመውም። ኩባንያው ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር በ1894 ዓ.ም. ያደረገው ውል ምኒልክን አስቆጣ፣ ሥራው ድሬዳዋ ላይ ቆመ፣ ኩባንያውም ከሰረ። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ፈቃድ ለምኒልክ ሐኪም ለዶክተር ቪታልየን ተሰጥቶ የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ተቋቋመ፤ ሐዲዱም በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። መስመሩ በሙሉ 784 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት አንድ ሜትር ነው።

ለእኛ አገር ሰው ግን ዋናው ታሪክ የሚጀምረው ከሐዲዱ በፊት ነው። ከባሕር ወደ ሐረር የሚወጣው የንግድ መንገድ የሚነሳው ከዘይላ ነበር። የግመል ሲራራው በቢዮ ካቦባ በኩል አድርጎ የኢሳ ሶማሌዎችን ምድር እያቋረጠ ጊልዴሳ ይደርሳል። ጊልዴሳ ላይ ቀረጥ ይከፈላል፣ ጭነቱ ከበረሃው ግመል ይወርድና ዳገት በሚችል ከብት ወደ ሐረር ይወጣል። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1873 ዓ.ም. ከዘይላ ሐረር ለመግባት በፈረስ ሃያ ቀን ያህል ተጉዟል። ሐዲዱ ሲመጣ ከጅቡቲ ድሬዳዋ የአንድ ቀን መንገድ ሆነ። ዘይላ ገበያዋን አጣች፤ ጊልዴሳም የጉምሩክ ሥራዋን ለድሬዳዋ ለቀቀች። አባን (የሲራራ ጠባቂ) ሆኖ መንገድ እየመራ፣ ግመል እያከራየ፣ እንግዳ እያሳለፈ ይኖር የነበረው የኢሳ ቤተሰብ መተዳደሪያው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተለወጠበት።

ይህን የማነሳው ነገሩ ከጣቢያዎቹ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ ነው። ውሉ ሲፈረም ከብቱ በዚያ መሬት ላይ የሚግጠውን ሰው የጠየቀው አልነበረም። ሐዲዱ በኢሳ ምድር ሲዘረጋ የቴሌግራፍ ሽቦ ይቆረጥ ነበር፣ የሠራተኛ ሰፈር ይመታ ነበር፣ ከሁለቱም ወገን ደም ፈሷል። አፈር የቆፈረው፣ ድንጋይ የተሸከመው፣ ሐዲዱን ያነጠፈው ጉልበት ግን በአብዛኛው የሶማሌ፣ የአፋርና የዓረብ ነው። ኋላም መስመሩን እንዲጠብቁ ከዚያው ከኢሳ ሰዎች ተቀጠሩ። በጠብ የተጀመረው ነገር ቀስ በቀስ ወደ ስምምነት፣ ከስምምነትም ወደ እንጀራ ተለወጠ። ይህ ለውጥ የታየው አዲስ አበባ ላይ ወይም ፓሪስ ላይ አይደለም። አይሻ፣ አዲጋላና ደወሌ ጣቢያ ላይ ነው። ሰውና ባቡር የተላመዱበትን ቦታ የሚያሳይ ሌላ ምልክት ስለሌለን እነዚህን ቤቶች ማጣት ታሪኩን ራሱን ማጣት ይሆንብናል።

ጣቢያ ለበረሃው ምን እንደነበር ላላየ ሰው በጥቂቱ ላስረዳ። የእንፋሎት ባቡር ውኃ ካልጠጣ አይሄድም። ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ድሬዳዋ ሲወጣ ደግሞ ብዙ ይጠጣል። ስለዚህ በየተወሰነው ርቀት ጉድጓድ መቆፈር፣ ውኃ ማጠራቀሚያ መትከል ግድ ነበር። በዚህ አገር ውኃ ካለ ሰው ይሰፍራል። ጣቢያው ለባቡሩ ተብሎ ተሠራ፣ ውኃው ግን ከብት ጠሪ ሆነ፣ ከብቱ ሰው አመጣ፣ ሰውየው ሱቅ ከፈተ፣ መስጊድ ተሠራ፣ የገበያ ቀን ተቆረጠ። በመስመሩ ላይ ያሉት ከተሞቻችን አፈጣጠራቸው ይኸው ነው።

ሐዲዱም አንድ ብቻ ነበር። ሽቅብ የሚወጣውና ቁልቁል የሚወርደው ባቡር መተላለፍ የሚችሉት ጣቢያ ላይ ነው። የጣቢያው ሹም ከሚቀጥለው ጣቢያ ሹም ጋር በሽቦ ተነጋግሮ መንገዱ ባዶ መሆኑን ሳያረጋግጥ ባቡሩን መልቀቅ አይችልም። የተነጋገረውንም በሰዓትና በደቂቃ መዝገብ ላይ ይጽፋል። እንግዲህ አስቡት፤ በዙሪያው ሁሉ ሰው ጊዜውን በፀሐይና በሰላት በሚቆጥርበት በረሃ መካከል፣ አንድ ትንሽ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ የስልክ መሣሪያና በፈረንሳይኛ የሚሞላ መዝገብ ይዞ የሚቀመጥ ሰው ነበር። ያ ሰው አማራ ሊሆን ይችላል፣ ኦሮሞ ሊሆን ይችላል፣ ሶማሌ ወይም የሐረር ልጅ ሊሆን ይችላል። ሲያረጅ ግን ሶማልኛም አማርኛም ፈረንሳይኛም የሚናገር የአይሻ ሰው ይሆናል። በዚያ ዘመን ይህን ያህል ሕዝብ ያገናኘ ሌላ መሥሪያ ቤት በአካባቢው አልነበረም።

የእናቶቻችንም ታሪክ እዚያው ነው። እኔ የምኖርባት ደምበል ሐዲድ አልደረሳትም። የእኛ ወገን ከብቱንና ወተቱን ይዞ ወደ መስመሩ የሚወርደው ወደ ሽንሌ፣ ወደ አዲጋላ ወይም ወደ አይሻ ነበር። አያቴ ከልጅነቷ ጀምሮ ይህን መንገድ ስትመላለስ ኖራለች። የግመል ወተቱን በሐን ትይዛለች። ሐን ከሥር ተፈትሎ የሚሠራ የወተት ዕቃ ነው፤ ውስጡ በሚጨስ እንጨት ይታጠናል፣ በዚህ ሙቀት ወተቱን ከመበላሸት የሚያቆየውም ያ ጢስ ነው። ባቡሩ ሲቆም ሴቶቹ በየፉርጎው መስኮት ሥር ይሰለፋሉ። ከላይ ገንዘብ ይወርዳል፣ ከታች ወተት ይወጣል፣ ሁሉ ነገር ባቡሩ ከመንቀሳቀሱ በፊት ማለቅ አለበት። በዚያ ገንዘብ ስኳር፣ ሻይ፣ ሩዝና ጨርቅ ይገዛል። ባቡር የሚመጣበት ቀን የታወቀ ስለነበር የከብቱ እንቅስቃሴ፣ የወተቱ መጠራቀም፣ የሠርጉ ቀን ሳይቀር ከዚያ ጋር ይቆጠር እንደነበር ነግራናለች። እንዲህ ያለውን ምስክርነት በማንኛውም የኩባንያ ሪፖርት ውስጥ አታገኙትም።

አገራዊውም ታሪክ ቢሆን በእነዚሁ ጣቢያዎች አልፏል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከአዲስ አበባ በባቡር ወጥተው ወደ ጅቡቲ ሲሄዱ፣ ከአገራቸው መሬት የተለያዩት በዚሁ መስመር በደወሌ በኩል ነው። በ1952 ዓ.ም. በተደረገው ስምምነት ኢትዮጵያ የኩባንያው እኩል ባለድርሻ ሆነች፣ ዋና መሥሪያ ቤቱም ወደ አዲስ አበባ መጣ። ሰኔ 1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነፃ ወጣች። በዚያው ክረምት ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት መጣብን፤ ድልድዮች በፈንጂ ተመቱ፣ መስመሩ ለወራት ተቋረጠ፣ ነሐሴ ላይ ድሬዳዋ ራሷ የውጊያ ሜዳ ሆነች። በ1973 ዓ.ም. ድርጅቱ የሁለቱ አገሮች የጋራ ንብረት ሆኖ የኢትዮ ጅቡቲ ምድር ባቡር ተባለ። ከጦርነቱ ወዲህ ግን አሮጌው ሐዲድ ወደ ቀድሞ ጤንነቱ ተመለሰ ለማለት አይቻልም። ከኤርትራ ጋር የተደረገው ጦርነት በ1990 ዓ.ም. የአሰብን በር ሲዘጋ የአገሪቱ ጭነት በአብዛኛው ወደ ጅቡቲ ዞረ። ያን ጊዜ ለባቡሩ ወርቃማ ዕድል መሆን ነበረበት፤ ነገር ግን ሐዲዱና ሞተሩ አርጅተው ስለነበር ጭነቱን የወሰደው የጭነት መኪና ነው። የባቡሩ ጉዞ ከዓመት ዓመት እየቀነሰ መጣ። መጀመሪያ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ ያለው ቀረ፣ ቀጥሎ የእኛው ክፍል ቆመ። በ2005 ዓ.ም. መጨረሻ ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ድንበር ድረስ እንደገና ተንቀሳቅሶ ብዙዎቻችንን አስደስቶን ነበር።

ከዚያ አዲሱ ባቡር መጣ። መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር 750 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት አለው፤ ከሚኤሶ እስከ ደወሌ ያለውን ክፍል የሠራው የቻይናው ኩባንያ ሲሲኢሲሲ ነው። ከግንቦት 2016 ዓ.ም. ጀምሮም የኢትዮጵያና የጅቡቲ ሠራተኞች ሥራውን ከቻይናውያኑ ተረክበው በራሳቸው ያካሂዱታል። ይህ የሚያኮራ ነው። በአዲሱ ባቡር ላይ ቅሬታ ለማቅረብ አልተነሳሁም፤ አገሪቱ ያስፈልጋት ነበር። በድርቁ ጊዜ፣ ገና ሳይመረቅ በ2008 ዓ.ም. የዕርዳታ እህል ማጓጓዙንም እናስታውሳለን፤ ሲቲ ዞን በዚያ ድርቅ እጅግ ከተጎዱት አንዱ ነበር። የእኔ ጭንቀት አዲሱ መስመር ሥራውን ሲረከብ አሮጌው ባለቤት አልባ ሆኖ መቅረቱ ነው።

አሁን ያለበትን ሁኔታ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሐዲዱ አሸዋ የዋጠው ቦታ አለ። ምስጥ እንዳይበላው ተብሎ በእንጨት ፋንታ ከብረት የተሠራው ተጋዳሚ፣ መቶ ዓመት ባቡር የተሸከመው ብረት፣ የበረት ማገር ሆኖ አይቻለሁ። የፋብሪካ ስምና ዓመት የተቀረጸበት የሐዲድ ቁራጭ የበር መቃን ሆኖ አይቻለሁ። ይህን ያደረገውን ድሃ አርብቶ አደር አልወቅስም። ዕቃው ባለቤት እንዳለው የሚነግረው ሰሌዳም ሆነ ዘበኛ አላገኘም። የሚያሳስበኝ ከዚህ ይልቅ በመኪና እየተጫነ ለብረት ማቅለጫ የሚሄደው ነው። የድሬዳዋ ደወሌ የአስፋልት መንገድ ከተሠራ ወዲህ ከባድ ዕቃ ከዚህ በረሃ ማውጣት ቀላል ሆኗል፤ ትላንት ርቀቱ የጠበቀውን ዛሬ የሚጠብቀው የለም።

ሕጉ በእጃችሁ ነው። ስለ ቅርስ ጥናትና አጠባበቅ የወጣው አዋጅ ቁጥር 209/1992 የማይንቀሳቀስ ቅርስ ያለ ቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ከቦታው እንዳይነሳ ይከለክላል። ነገር ግን ያልተመዘገበን ነገር ጠብቁልኝ ብሎ ፖሊስ መጥራት አስቸጋሪ ነው። ስለዚህ ቅርስ ባለሥልጣኑን የምጠይቀው ከሁሉ በፊት ምዝገባውን ነው። ምዝገባውም ጣቢያ በጣቢያ ተነጥሎ ሳይሆን መስመሩ እንደ አንድ ቅርስ ተይዞ ይሁን። አይሻ ለብቻዋ አንድ አሮጌ ቤት ናት፤ ከአዲጋላና ከደወሌ ጋር ስትታይ ግን አንድ አገር ከባሕር ጋር የተገናኘበት መንገድ ትሆናለች። ከድሬዳዋ በስተምዕራብ ያሉት ኤረርና አፍደምም የዚሁ ዞን ጣቢያዎች ናቸውና በሁለተኛው ዙር ይታሰቡ።

ምድር ባቡር ኮርፖሬሽኑን ደግሞ የምለምነው ስለ ወረቀቱ ነው። የጣቢያ መዝገቦች፣ የደመወዝ ዝርዝሮች፣ የድልድይ ንድፎች፣ የአደጋ ሪፖርቶች፣ ከጎሳ መሪዎች ጋር የተደረጉ ደብዳቤዎች የአንድ ክፍለ ዘመን የምሥራቅ ኢትዮጵያ ታሪክ ናቸው። አብዛኛው በፈረንሳይኛ ነው፤ ቋንቋውን ከሥራው ጋር አጣምሮ የሚያውቀው የባቡር ሠራተኛ ትውልድ ደግሞ በየዓመቱ እየተለየን ነው። ሰነዱ በየመጋዘኑ ካለበት ተሰብስቦ፣ ተለይቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ለተመራማሪ ክፍት ይሁን። የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲና የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍሎች ይህን ሥራ ከእናንተ ጋር ሊሠሩት ይችላሉ፤ ተማሪም አስተማሪም አላቸው።

ይህ የማይሞከር ነገር አይደለም። በሳውዲ ዓረቢያ ከደማስቆ መዲና ይዘልቅ የነበረው የሒጃዝ ባቡር ሐዲድ እንደኛው በረሃ ውስጥ የቀረ ነው፤ የመዲናና የአል ሒጅር ጣቢያዎች ግን ታድሰው ሙዚየም ሆነዋል። ኬንያ በናይሮቢ የባቡር ሙዚየም ካቋቋመች ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኗታል። ከሁሉ የሚቀርበን ግን የኤርትራ ምሳሌ ነው። ከምጽዋ አስመራ የነበረው ሐዲድ በጦርነት ተነቅሎ ምሽግ ተሠርቶበት ነበር፤ ከነፃነት በኋላ ጡረታ የወጡ አሮጌ የባቡር ሠራተኞች ተጠርተው፣ ሐዲዱን ከየምሽጉ ሰብስበው፣ በራሳቸው እጅና ዕውቀት መልሰው ገጠሙት። እኛ የምንጠይቀው ያን ያህል እንኳ አይደለም። ባቡሩ ይመለስ አላልንም፤ ቤቱ አይፍረስ፣ ጉድጓዱ አይደፈን፣ መዝገቡ አይጥፋ ነው ያልነው።

ለክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ አንድ ነገር ልጨምር። ኅዳር 2017 ዓ.ም. የሶማሌ ኢሳ ባህላዊ ሕግ፣ ኄር ኢሳ፣ በኢትዮጵያ፣ በጅቡቲና በሶማሊያ የጋራ ጥያቄ በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ሦስት አገሮች በአንድ ቃል ቆመው በቃል የኖረን ሕግ ዓለም እንዲያውቀው አድርገዋል። ለዚያ ሥራ የተቋቋመው ግንኙነት፣ ሽማግሌዎቹን ለመቅረጽ የተገኘው ልምድ አለ። በዚያው መንገድ የባቡሩን ትዝታ የያዙ አዛውንቶች ይቀረጹ። የጣቢያ ዘበኛ የነበሩ፣ ሐዲድ የጠገኑ፣ ወተት የሸጡ፣ ጦርነቱ ሲመጣ ቤታቸውን ጥለው በጭነት ፉርጎ የሸሹ ሰዎች አሁንም በየቀበሌው አሉ። ከሴቶቹ ቢጀመር እመርጣለሁ፤ ስማቸው በኩባንያው የደመወዝ ዝርዝር ላይ ስለሌለ እነሱ ካለፉ የሚፈለጉበት ወረቀት የለም። የጅቡቲ ወገኖቻችንም ዓሊ ሳቢህና ሆልሆል ላይ የዚሁ መስመር ጣቢያዎችና ድልድዮች አሏቸው። ነገሩ ወደፊት በጋራ ለዩኔስኮ ሊቀርብ የሚችል ነው፤ መነሻው ግን የራሳችንን ወገን መዝግቦ መገኘት ነው።

ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለመጀመሪያው ዙር አንድ የቅርስ ባለሙያ፣ አንድ መሐንዲስ፣ አንድ ፈረንሳይኛ አንባቢና አካባቢውን የሚያውቅ መሪ በአንድ መኪና ከሽንሌ እስከ ደወሌ መስመሩን ተከትለው ቢሄዱ፣ ያለውን ቢለኩና ፎቶ ቢያነሱ፣ የቀረውንና የጠፋውን እናውቃለን። በየጣቢያው ከዚያው ከተማ አንድ ዘበኛ ቢቀጠር ለአንድ ቤተሰብ እንጀራ ይሆናል። ጠንክሮ የቆመው የጣቢያ ቤት የወጣቶች ማንበቢያ ወይም የወረዳው ሙዚየም ሊሆን ይችላል፤ ይህን ግን ከመወሰናችሁ በፊት የከተማውን ሕዝብና የአገር ሽማግሌዎቹን ሰብስባችሁ አማክሩ። ሐዲዱ ሲመጣ ያልተጠየቀ ሕዝብ ነውና አሁን ይጠየቅ።

ጉዞው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ሙቀቱ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ቢሆን ይመቻል። ከአይሻ ብትጀምሩ ደግሞ ጥሩ ነው፤ ወደ ደወሌም ወደ አዲጋላም ይቀርባል። በታሪክ መምህርነቴ እኔና ተማሪዎቼ አዛውንቶቹን በመፈለግ፣ በማስተርጎምና የተነገረውን በመጻፍ ያለ ክፍያ ለማገልገል ዝግጁ ነን። የምትመጡበትን ቀን በዞኑ አስተዳደር በኩል ብታሳውቁን በየጣቢያው የሚጠብቁ ሰዎችን አስቀድመን እንነግራለን።



አንድ የታሪክ መምህር
ሲቲ ዞን፣ ደምበል

ግልባጭ፦
ለሲቲ ዞን አስተዳደር፣ ሽንሌ
ለአይሻ ወረዳ አስተዳደር
ለኢትዮ ጅቡቲ ባቡር አክሲዮን ማኅበር፣ አዲስ አበባ